አቶ ወልደአምላክ ከአፈር ያወጧት ማርትሬዛ

አቶ ወልደአምላክ ኪዳኔ ከአባታቸው ከአቶ ኪዳኔ ተሻገርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ ዓብዩ በ1945 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ተወለዱ። አዋላጇ ጭብጣቸውን ብትከፍት አፈር ተገኘ ይላል ታናሽ ወንድማቸው በፈቃዱ፤ እሱ ያኔ ገና አልተወለደም።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ እየወጡ ተማሩ። በፈቃዱ ስምንተኛ ላይ ቆመ። በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አሥራትን አግብተው ሳሌምንና ናዝራዊትን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 በዲቪ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። በፈቃዱም ተከትሎ መጣና በአንድ ፓርኪንግ ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2008፣ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው፣ ኮሌጅ ገብተው የቅርብ ዘመን አርኪዮሎጂ አጠኑ። የነገሥታት መቃብር አይደለም፤ ተራ ሰው የጣለውን ጠርሙስ፣ የልብስ ቁልፍና ስባሪ ሳህን አውጥቶ ኑሮውን ማንበብ ነው። ሰፈሩ “ፕሮፌሰር” ሲላቸው በፈቃዱ ሆዱ ነደደ። “ቆሻሻ መልቀም ከሆነማ እኔ ፓርኪንጉን ስጠርግ ዶክተር ነኝ!” ይል ነበር።

በ2011 እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድርያ አንድ አሮጌ ቤት ሥር ሲቆፍሩ በፈቃዱ ምሳ ይዞላቸው ሄደ። ሰው ዞር ሲል እናታቸው ለእሱ ያወረሱትን የአንገት ማርትሬዛ ቀበረ። ማርትሬዛ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት አለበት፤ ቤቱም የዚያው ዘመን ነው። ወንድሙ “ሐበሻ ያኔ እዚህ ነበር!” ብለው ሲያውጁና ፈረንጅ ሲስቅባቸው ለማየት ቋመጠ።

አቶ ወልደአምላክ ግን ትንፍሽ አላሉም። በፈቃዱ እንዳይጠይቅ ጥፋቱ፣ እንዳይተው የእናቱ ማርትሬዛ ሆነበት። ስድስት ዓመት በየእሑዱ እየተገናኙ ስለ ስኖው አወሩ።

አቶ ወልደአምላክ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማርች 14 ቀን 2017 በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። በማግስቱ ሳሌም ሣጥናቸውን ስትከፍት ማርትሬዛዋ በትንሽ ፌስታል ውስጥ ተገኘች። በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት አለባት፦ “አሌክሳንድርያ። ጥልቀት ሁለት ጣት። አፈሩ የተነካው ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ። የቀበረው ወንድሜ በፈቃዱ። ምክንያት ቅናት። ለባለቤቱ ይመለስ።”

“ጋሼ፣ ይሄ ስቶሪ እውነት ነው?” አለችው አጎቷን በፈቃዱን።

“ከኔ ታሪኮች እውነቱ እሱ ብቻ ነው” አላት።

አቶ ወልደአምላክ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና ይህን ታሪክ የጻፈውን በፈቃዱን ትተው ሄደዋል። ማርትሬዛዋ አሁን አንገቱ ላይ ናት። ቅናቱ ግን አልለቀቀውም፤ የወንድሙን ጥፋት በእጁ ይዞ ስድስት ዓመት ዝም ማለት እሱ መቼም አይችልበትም።

አፈርን በብሩሽ ቀስ ብለው እንደዳበሱ፣ አፈሩም እሳቸውን ቀስ ብሎ ይቀበላቸው። ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አሜን።