የሰሜኑ ጎል ሣር

ኤፕሪል 12
ጠዋት ከዜሮ በታች ሁለት። የመሬት መፈተሻ ብረቱን ሰሜኑ ጎል ፊት ሰካሁት። አንድ ጣት ገብቶ ቆመ። በረዶው ገና መሬቱ ውስጥ ነው። ደቡቡ ጎል ጋ ሦስት ጣት። በሜዳው ዙሪያ ገመዱን አጠበቅሁት። ማንም አይረግጥም። በየዓመቱ ያው ንዝንዝ ነው... “ሄልጌ፣ ፀሐይ ወጥታለች እኮ!” ፀሐይማ ወጥታለች። ሥሩ ግን ተኝቷል። ስለ ሣር ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለት ጊዜ ገድዬው ነው የተማርኩት።
ምሳ ድንችና የኮምጣጤ ዓሣ። ብቻዬን። ይበቃል።

ኤፕሪል 15
ጉንቮር መጣች። የክለቡ ሊቀ መንበር ከሆነች ወዲህ ቆማ ነው የምታወራው።
“ኢልቫ ተመልሳለች።”
“የትኛዋ ኢልቫ?”
“ስንት ኢልቫ ታውቃለህ? የስትራንድማርኮቹ ልጅ ናታ! ኳስ አቁማለች። ጉልበቷ አልቋል። አሁን የእናቷን ቤት እያደሰች ነው።”
ዘጠና አራት ጊዜ ለአገር ተሰልፋለች። አርባ አንድ ግብ። ሰባት ዓመት ጀርመን። ከዚህ መንደር እንደ እሷ ያለ አጥቂ አልወጣም፤ ወንዶቹንም ጨምሮ። ቁጥሩን እንዴት በቃሌ እንደያዝኩት... ይቅር።
“አሥራ አራት ሴት ልጆች ሰብስባለች። የዘጠኝና የአሥር ዓመት። ማክሰኞና ሐሙስ ሣሩን ትፈልጋለች።”
“ጠጠሩ ሜዳ አለ።”
“ሄልጌ...”
“ጠጠሩ አለ አልኩ።”
“እሺ። ሣሩን ለአንተ ከሰጠንህ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነ። ውሳኔው ያንተ ነው። ጸጸቱም ያንተ።”
ወጣች። በሩን ሳትዘጋው።

ኤፕሪል 17
ዛሬ ራሷ መጣች። ሐሙስ ነውና እንደ ልማዴ የአተር ሾርባዬን እየበላሁ ነበር። ትንሽ ታነክሳለች። ደፉ ላይ ቆመች።
“አሁንም ገመድ ታስራለህ?”
“አሁንም በረዶ አለ።”
ሳቀች። “ሕግህን አውቀዋለሁ። ልጆቹ ይጠብቃሉ። እኔ የምጠይቅህ ከተከፈተ በኋላ ስላለው ነው።”
“ጋዜጣ ላይ ‘ጠጠሩ ነው አጥቂ ያደረገኝ’ ብለሽ የለም? እነሱንም ያድርጋቸው።”
ሳቋ ቆመ። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቀለለችው። ሦስት ረጃጅም ጠባሳ። ከሥራቸው፣ ከቆዳው በታች፣ ግራጫ ነጠብጣብ።
“ረጃጅሞቹ የሐኪም ናቸው። ነጥቦቹ ያንተ ጠጠር ነው። ገና አልወጣም። ለጋዜጠኛ እንደዚያ ስትነግረው ደስ ይለዋል። እውነቱን ከፈለግክ ወደ ጠጠሩ ያባረርከኝን ያንን በጋ ሙሉ ሳለቅስ ነው የከረምኩት። ደግሞ ሣሩን ያበላሸሁት እኔ አልነበርኩም። ያኔም ነግሬሃለሁ።”
ሄደች። ሾርባው ቀዘቀዘ።
ነግራኝ ነበር? አላስታውስም። የማስታውሰው የተቆፈረውን ሣርና ጎሉ ኋላ የተቀመጠችውን ልጅ ነው። ግን ጽፌዋለሁ። ያልጻፍኩት ቀን የለም።

ኤፕሪል 18፣ ስቅለት
ቆጥ ላይ ወጣሁ። ደብተሮቹ የድንች ሣጥን ውስጥ ናቸው። የ1997ቱን አገኘሁት። እንዳለ እገለብጣለሁ፦
“ሜይ 4። ሣሩ ሳይከፈት ሰው ገብቷል። ሰሜኑ ጎል ፊት ሃያ ሁለት ጉድጓድ። ጥልቀት ሦስት ጣት። ሥሩ ተበጥሷል። የታኬታው ዱካ ከተረከዝ እስከ ጣት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር። የስትራንድማርክን ልጅ ጎሉ ኋላ አገኘኋት፤ ኳስ ይዛለች። እኔ አይደለሁም ትላለች። ከዛሬ ጀምሮ ሴቶቹ በሙሉ ጠጠሩ ላይ።”
ሠላሳ ሳንቲ ሜትር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ!
ለካሁ። ጻፍኩ። የጻፍኩትን ግን አላነበብኩም። ሃያ ስምንት ዓመት ከራሴ በላይ ቆጥ ላይ ተቀምጧል። በገዛ እጄ ጽሑፍ።
የ1999ኙን ገለጥኩ። “የሴቶቹ ቡድን ፈረሰ። ልጅ ጠፋ” ይላል። ልጅ ጠፋ... ማን አጠፋው?

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ
ወንድሜ ኢንግቫር እንቁላል ሊበላ መጣ። በዚያ ዘመን የወንዶቹ አጥቂ እሱ ነበር። እንቁላሉን እየላጠ ሳለ ጠየቅኩት።
“የጫማህ ቁጥር ስንት ነው?”
“አርባ ስድስት። ምነው፣ ልትገዛልኝ ነው?”
“ዘጠና ሰባት። ሜይ። ሰሜኑ ጎል።”
እንቁላሉን አስቀመጠው። መስኮቱን አየ።
“ቅጣት ምት ልለማመድ ነበር። አሥር ደቂቃ ብቻ...”
“ለምን አልነገርከኝም?”
“ላንተ? ልጅቷ ነገረችህ አይደል? ምን አደረግካት?”
እሱ መናገር ነበረበት። እኔ ደግሞ መስማት። እንቁላላችንን በላን። ጨው እንኳ አቀብለኝ አልተባባልንም።

ኤፕሪል 22
ደብተሩን በብብቴ ይዤ ኢልቫ ቤት። ወጥ ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ሆና ግድግዳ ትቀባ ነበር። ገጹን ገልጬ አቀበልኳት። ሁለቴ አነበበችው።
“ሠላሳ ሳንቲ!” አለች። “ያኔ እኮ የእኔ ጫማ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ነበር።”
“በድዬሻለሁ።”
አፌ ይህን ቃል አልለመደውም። ቢሆንም ወጣ።
ብሩሹን አንጠፈጠፈች። “እሺ፤ ተቀብያለሁ። ግን ‘ጠጠሩ ጠቀማት’ ብለህ ራስህን እንዳታጽናና። እኔንስ ጠቀመኝ እንበል። የቀሩት ግን አቆሙ። ከሁላችን የምትበልጠው ደግሞ ማሪት ነበረች። የማሪትን ምት ብታይ...”
“የትኛዋ ማሪት?”
“ፖስታ የምታመጣልህ።”
በየቀኑ ደጄ የምትመጣ ሴት። በየቀኑ “ሳጥኑን ዝጊው” የምላት።
“ማክሰኞና ሐሙስ” አልኩ።
“ሕጉስ?”
“ሕጉ ያው ነው። ብረቱ ስምንት ጣት እስኪገባ ማንም አይረግጥም። ወንድም፣ ሴትም፣ ወንድሜም።”
“እንግዲያው ያንን ብሩሽ አንሳ። የታችኛውን አንተ ቀባ፤ ጉልበቴ አይታጠፍልኝም።”
የእኔም አይታጠፍም። ተንበርክኬ ቀባሁ።

ኤፕሪል 30
ወንዙ ዳር የክረምት መሸኛው እሳት ተለኮሰ። መንደሩ በሙሉ ነበር። የወንዶቹ አምበል መጣብኝ።
“ሣሩን መጀመሪያ የምንረግጠው እኛ ነን እንጂ ሴት ልጆቹ አይደሉም። ልማድ ነው፣ ሄልጌ።”
“ልማዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የማነሣውም እኔ።”
“ልጆች ናቸው እኮ!”
“ቀላል ናቸው። አንተን ሣሩ ባለፈው ዓመት ችሎሃል፤ ዘንድሮ ይረፍ።”
ጉንቮር ከኋላዬ ሳቀች። እስክታስል ድረስ።

ሜይ 3
ስድስት ጣት። ዝናብ። ጥሩ ዝናብ ነው።

ሜይ 5
ስምንት። ነገ።

ሜይ 6
አሥራ አራቱም ከገመዱ ውጪ ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንዷም አላለፈችም። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።
“ኃይለኛው ሽማግሌ አንተ ነህ?”
“ማን አለሽ?”
“ሁሉም ሰው።”
“እኔ ነኝ።”
ገመዱን ፈታሁት። ሲሮጡ ድምፃቸው አልተሰማም... ጠጠር ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ሣር ላይ ዝም ነው። ረስቼው ነበር።
ኢልቫ አትሮጥም። መሃል ቆማ በጣቷ እየጠቆመች ነው የምታጫውታቸው። “ራስሽን ቀና አድርጊ! ግቡ አይጠፋም፣ ቦታው ላይ ነው!” ትላለች።
የፖስታዋ መኪና ቆመ። ማሪት ወረደች፣ ደብዳቤዬን በእጇ ይዛ። ሰጠችኝና ቆመች። ከሜዳው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወዲህ። ሃያ ስምንት ዓመት የቆመችበት ቦታ።
“ግቢ” አልኳት።
“በዚህ ጫማ?”
“ግቢ አልኩሽ።”
ኢልቫ ኳሱን አሳለፈችላት። ማሪት አላቆመችውም፤ እንደመጣ መታችው። በቀኝ በኩል ላይኛው ማዕዘን። ልጆቹ ጮኹ። ኢልቫ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ደብዳቤውን አየሁ። የመብራት ሒሳብ ነው።
ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሜትሬን ይዤ ወጣሁ።
ሰሜኑ ጎል ፊት ዘጠኝ ጉድጓድ። ጥልቀት ግማሽ ጣት። ሥሩ ደህና ነው። ዱካው ሃያ አንድ፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር። አንዱ ብቻ ሃያ አምስት። ታኬታ የሌለው የፖስታ ቤት ጫማ። እሱን አልደፈንኩትም።
ጻፍኩ። ዛሬ ደግሞ አነበብኩት።