ስለ ክንዴ ብቻ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ዳሌሽስ እንዴት ሆነልሽ? ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በረንዳ መሻገር ጀምራለች ብላ እህቴ ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። ምርኩዙን ግን የአሮጊት ዕቃ ነው ብለሽ አልይዝም ማለትሽን ሰምቻለሁ። ግድ የለሽም ያዢው፤ በሰባ ዓመትሽ ከማን ጋር ልትሽቀዳደሚ ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለሰላምታው ወግ ያህል ነው፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ትረጂዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። በደወልኩ ቁጥር እህቴ ድምፁን ለቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አንቺ ሃሎ ሳትዪ ባሏ ስለ ነዳጅ ዋጋ ይጠይቀኛል፣ ልጆቿ ይዘፍኑልኛል። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ያ ምሶሶ የምንለው ረጅሙ ሾፌር። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ፣ በርሽን ዘግተሽ፣ ብቻሽን አንብቢው።

አባባ ከሆስፒታል ወጥተው እኔ ቤት ከገቡ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። በስልክ እየተሻላቸው ነው የምልሽ ግማሹ እውነት ነው። ደም በተሰጣቸው ቀን ፊታቸው ይመለሳል፣ ይቀልዳሉ፣ የዜና አንባቢውን አነጋገር ያርማሉ። ሳምንት ሳይሞላ ይገረጡና ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ሐኪሙ መቅኒያቸው ደም መሥራት አቁሟል አለኝ። ታዲያ ምን ይሻላል ስለው ጫማዬን ነው ያየው።

አሁን ወደ ክንዴ ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ባልደረባችን ከነተሳቢው ተገልብጦ ሞተ። የደሙ ዓይነት እስኪታወቅ ነው ሐኪሞቹ እጅ ላይ የቀረው ተባለ፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ከቀብር መልስ አሥራ ዘጠኝ ሾፌሮች ተሰልፈን አንድ ነቃሽ ዘንድ ሄድንና የደማችንን ዓይነት ግራ ክንዳችን ላይ ተነቀስን። የእኔ ኦ ናት፣ እንደ ጎማ ክብ፣ ከጎኗ የመደመር ምልክት አላት። ለእናንተ ያልነገርኳችሁ አባባን ፈርቼ ነው። የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ ክንድ አይተው ሰውነት ደብተር አይደለም ያሉት ትዝ ይልሻል? እናንተ ዘንድ ስመጣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ የምለብሰው ለዚህ ነበር።

አባባ ሆስፒታል ሲገቡ ቤተሰብ ደም ይተካ ተባልንና ደወልኩልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዚያ፣ አንተ እንዳትሰጥ፣ መሪ ላይ ያዞርሃል፣ ጓደኞችህ ይስጡ አልሽኝ። የእናት ስስት ነው ብዬ ስቄ ስልኩን ዘጋሁ፣ ሄጄም ሰጠሁ።

ደም የምትቀዳው ሴትዮ ጠና ያለች፣ ጨዋታ የምትወድ ናት። ክንዴን ስታይ መታወቂያህን ይዘህ መጥተሃላ ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ የአባባን ወረቀት አነበበች፤ ኤቢ ይላል። ክንዴን አየች፣ ወረቀቱን ደገመች። ታማሚው ምንህ ናቸው አለችኝ። አባቴ አልኳት። የእንጀራ አባት? አለችኝ። አይ፣ አባቴ አልኳት። ከዚህ በኋላ ጨዋታዋ ሁሉ ጠፋ፤ ያገኘችውን ደም ሥር እንደገና መፈለግ ጀመረች። አልለቃት ስል፣ ከኤቢ ወላጅ ኦ ልጅ አይወለድም ይላል መጽሐፉ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ፊቴን አይታ፣ መጽሐፍ ሁሉን አያውቅም፣ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም አለ፣ ንቅሳትህም ተሳስቶ ይሆናል አለች። ጠብታ ወስዳ እንደገና መረመረች። ኦዋ ኦ ሆና ቀረች። ያቺን ከስንት አንዴ የምትባለዋን ይዤ ሦስት ቀን ከረምኩ።

የባዮሎጂ መምህር ልጅ ሆነህ ይህን እንዴት አታውቅም ትዪ ይሆናል። አሥረኛ ክፍል ያስተማሩኝ አባባ ራሳቸው ናቸው፣ ዓይኔ ካንተ አይራቅ ብለው የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው። የመጽሐፉን የኅዳግ ማስታወሻ እንኳ የማይዘሉት ሰውዬ፣ የደም ዓይነት ገጽ ላይ ስንደርስ ይህን ቤታችሁ አንብቡት፣ ፈተና ላይ አይወጣም አሉን። አጨበጨብን። የማይፈተነውን ደግሞ ማን ያነባል?

እማዬ፣ እኔ ምንም አልጠየቅሁሽም፣ አልጠይቅሽምም። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሳሰበኝ፤ አባባ ይህችን ክንድ እንዳያዩ። ከሆስፒታል ሲወጡ የምደግፋቸው እኔ፣ የማጥባቸው እኔ ነኝ። ገላ ደግሞ እጅጌ ሳይሰበሰብ አይታጠብም። እሳቸው ያችን ፊደል አንዴ ካዩ ማንም ሊያብራራላቸው አያስፈልግም። በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ደማቸው ባለቀበት ሰዓት፣ ይህን ልጨምርባቸው?

ስለዚህ ማስጠፊያ ፍለጋ ዞርኩ። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በሌዘር ይጠፋል አለችኝ፤ ጥቁር ቀለም መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን እንደ እኛ ያለ ጠቆር ያለ ቆዳ ጉልበት ሲበዛበት ይነጣል ወይም ይጠቁራል፣ ቀስ ተብሎ ነው። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ትመጣለህ፣ በየመሐሉ ሁለት ወር ይታረፋል። ባጭሩ ከዓመት በላይ። እኔ ያለኝ ሁለት ሳምንት ነው ስላት ከት ብላ ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ተወችው።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ቆርጬ አውጥቼ እሰፋዋለሁ አለኝ። ስፌቱ እስኪፈታ መሪ መያዝ የለም፣ ጠባሳውም ዕድሜ ልክ ነው። አባባ ደግሞ ጠባሳ አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ቅባት አሳየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አትግዛው፣ ቆዳህን ነው የሚልጠው አለችኝ። የነቀሰኝ ሰውዬ ከሁሉም ደፋር ነበር። ኦዋን የመኪና መሪ እናድርጋት፣ ለሾፌር ያምራል ብሎ በእርሳስ ሥሎ አሳየኝ። እውነትም ያምራል። እሺ ብዬ ለማክሰኞ ቀጠርኩት። ሰኞ ጠዋት አባባ ዛሬ ይወጣሉ፣ አልጋው ተፈልጓል ብለው ከሆስፒታል ደወሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ጋራዣችን ውስጥ ፕሮፌሰር የምንለው ቀለም ቀቢ አለ፤ የማይመክርበት ነገር የለም። ድሮ የተነቀሰውን የሴት ስም በጨውና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንዳጠፋው ነገረኝ። ክንዱ ላይ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለው፣ የሴትዮዋ ስም ግን የለም። የመኪና ቀለምም እስኪፋቅ ነው፣ ቆዳም ያው ነው አለኝ። ያን ሰዓት ሞኝነቱ አልታየኝም። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ ፎጣ ነክሼ ፋቅኩት። ስለ ሕመሙ አልነግርሽም። ደሙ ኦዋን ሲሸፍንብኝ ተውኩት፣ በፋሻ ጠቀለልኩትና አባባን ላመጣ ሄድኩ።

ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ቁስሉ አመረቀዘ። በአምስተኛው ቀን ፌስታል ክንዴ ላይ አጥልቄ ጀርባቸውን ሳጥብ ቀና ብለው ክንድህ ይሸታል አሉኝ። የራዲያተር እንፋሎት አቃጥሎኝ ነው አልኳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ፍታው አሉኝ። እማዬ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዘጠና ኪሎ እመዝናለሁ፤ ያ የመምህር ድምፃቸው ሲመጣ ግን ድሮ መዳፌን ለማስመሪያ እንደምዘረጋው ክንዴን ዘረጋሁላቸው።

ዙሪያው አብጧል፣ ቆዳው ተልጧል፣ ኦዋ ግን መሐል ላይ ቁጭ ብላለች። መነጽራቸውን አስመጡና ረጅም ጊዜ አዩዋት። በምን ፋቅኸው አሉኝ። በብርጭቆ ወረቀት። ቁጥር ስንት? ሰማንያ፣ ሻካራው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። አንተ ደንቆሮ፣ ሰው በለስላሳው አይጀምርም? አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ከእኔ ልትደብቃት ነው አይደል አሉኝ።

ሁለት ዓመትህ ነበር አሉኝ። እህትህ በተወለደች ሳምንት፣ እናትህ አራስ ቤት ሳለች። ወባ ይዞህ ደምህ አለቀ፣ ደም ካላገኘ አያድርም አሉ። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። የላብራቶሪው ሰውዬ ወጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና መረመረ፣ ወጣና ያንተ ለሱ አይሆንም፣ እሱ ኦ ነው አለኝ። በዚያው ሳምንት ያንን ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነበር፣ ጠመኔው ከእጅጌዬ አልለቀቀም ነበር አሉኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ ወዲያ ስታለቅስ ሰማሁህና ተነሣሁ። ዘበኛውን ለመንኩ፣ ወረፋ የያዘውን ሁሉ ለመንኩ፤ በመጨረሻ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ፣ ክንዱ አረፋ እንደሆነ፣ ኦ ነኝ አለ። ለልጄ ነው አልኩት። ያን ቀን አንዴ ልጄ ብያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አስቤበትም አላውቅ አሉኝ። ያችን ገጽ ብቻ፣ አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ማስተማር አልቻልኩም።

ይህን ብለው ከፒጃማ ኪሳቸው ያችን ቀይ እስክርቢቶ አወጡ፤ ታውቂያለሽ፣ ጡረታ ወጥተውም አልተለዩዋትም። ክንዴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ደህናው ቆዳ ላይ፣ ከኦዋ አጠገብ ራይት አደረጉ፣ የተማሪ ደብተር ላይ እንደሚያደርጉት። አታስጠፋት አሉኝ። ቀጥለውም እናትህ ይህን እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች አሉኝ።

እሺ ብያቸዋለሁ። ስለዚህ አልነገርኩሽም። የነገርኩሽ ስለ ክንዴ ብቻ ነው።

ክንዴ አሁን እየዳነ ነው፣ የቤት ለቤት ነርሷ ታጥብልኛለች። ቀይዋ ምልክት ግን በማግስቱ መልቀቅ ጀመረች። ስታጠብ ክንዴን ሽቅብ ሰቅዬ ነው፣ በላስቲክም ሸፈንኳት፣ ላቡን ግን አልቻልኩትም። ነቃሹ ዘንድ ሮጬ በላይዋ ላይ ንቀስልኝ አልኩት። ቁስሉ ሳይደርቅ መርፌ አላስጠጋም፣ ከሁለት ወር በኋላ ና አለኝ። ዛሬ ጠዋት ጭራዋ ብቻ ቀርታለች። ድጋሚ አድርጉልኝ እንዳልላቸው ደግሞ እጃቸው እስክርቢቶ መያዝ ካቃተው ሦስት ቀኑ ነው። ይህንንም በስልክ አልነገርኩሽም።

የሚመጣው ሰኞ ደም ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ስላለው ቀጠሮ ሐኪሙ ምንም አልጻፈም። እኔ የማደርገው ጠፍቶኛል እማዬ። ደሜን ሰጠሁ፣ ባልደረቦቼም ሰጡ፣ የማንም ደም አልያዝ አላቸው። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና የከባድ መኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከየት የመጣ ነው ይሉኛል። ከእናንተ አገር አይደለም እላቸዋለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዳሌዋም አይችልም ይላሉ፣ ባንቺ ፈንታ ይመልሱልኛል።

የሚያስቀርሽ ዳሌሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዳሌሽ ሌላ የሚያስፈራሽ ነገር ካለ ግን፣ ያ ነገር እዚህ ቤት የለም። ፈልጌ አጣሁት። ምሶሶ ሐሙስ ባዶውን ይመለሳል። ጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ አልጋ አለች፤ ፍራሽ ደርቤባታለሁ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው እንዲነዳ አስምዬዋለሁ። ለእህቴ ናፈቀኝ ብለሽ ተነሺ፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልግሽም። ምርኩዙንም ያዢ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ፣ አባባንም ሐሙስ ድረስ ያቆይልን። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

የሁለታችሁ ልጅ