ጎመኔን የለመደችው አጋዘን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኮሎምበስ

የዚያች ጆሮዋ የተቀደደ አጋዘን ዓይን ከፊቴ አልሄድ አለኝ። ከግሮቭ ሲቲ ወዲያ ባለችው መሬታችን ጎመን የዘራሁት እኮ ለእኛው ብዬ ነበር። አጋዘኖቹ ሲለምዱት አሳዘኑኝና ተውኩላቸው። ባሌ ታደሰ ዛፍ ላይ ያሰረው ካሜራ ፎቷቸውን ወደ ስልካችን ሲልክ፣ ጠዋት ጠዋት "ደህና አደራችሁ?" እላቸዋለሁ።

ዛሬ ፎቶዋን አየና፣ "አንቺ፣ ከእኔ በላይ አዳኝ ወጣሽ! ሰው እነሱን ለመሳብ ስንት ይለፋል፣ አንቺ በጎመን አለመድሽልኝ። ሰኞ የአደን ወቅት ሲከፈት እዚያው እጠብቃታለሁ" አለኝ።

"ታዴ፣ ጾም ነው እኮ!"

"ለገና ፍሪዘር ውስጥ ትቆየናለቻ!" ብሎ እየሳቀ ለኦቨርታይም ወጣ።

እኔም መኪናዬን አስነስቼ ወደ መሬታችን ሄድኩ። ሰኞ እንዳትመጣ ጎመኑን ከነሥሩ መንቀል ጀመርኩ። ቀና ስል አጥሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። "ሂጂ! ጥፊ ከዚህ!" ብዬ ጮህኩባት፣ ጭቃም ወረወርኩ። የማበላት መሰላት መሰለኝ፣ ጭራሽ ቀረበች። የነቀልኩትን ጥዬ እያለቀስኩ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ዞሬ ሳያት፣ አቀርቅራ እሱኑ ትበላለች።