የአባትህ ቀጭን ጎማ

ልጄ የህያ፣ አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ ሰበታ ያለነው ሁላችን ሰላም ብለንሃል። እኔ እናትህ እናገራለሁ፣ እህትህ ኢናስ ትጽፋለች።

የላክህላቸው ባለ ቀጭን ጎማ ብስክሌት አባትህን አስፋልት ላይ ያበርራቸዋል፤ ከተፍኪ ወደ ውስጥ ባለው ኮረት መንገድ ግን ሁለቴ ጥሏቸዋል። ሲወድቁ የተጎዳው ግራ እጃቸው አሁንም ፍሬን አይጨብጥም። የኢናስን ባለ ወፍራም ጎማ ማውንቴን ብስክሌት ይውሰዱ ስላቸው፣ «ልጄ የላከውን ትቼ?» ይላሉ።

(ማውንቴን ይከብዳል እንጂ አይጥልም። ለአስፋልቱም ለኮረቱም የሚሆነው ግራቭል የሚባለው፣ ጎማው መካከለኛ የሆነ ብስክሌት ነው። አባባ ግን ወድቀው ሲነሱ የሚቆጡት ድንጋዩን ነው። ኢናስ)

ዛሬም በዝናብ ወጥተዋል፤ ሄልሜታቸው እዚሁ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጄ፣ ሌላ ላክ አልልህም። «አባባ፣ ማውንቴኑን ይንዱ፣ አልቀየምም» ብለህ ደውልላቸው። አንተን በሰው አገር የጠበቀ ጌታ እሳቸውንም ወደ ደጃፋቸው ይመልስልን።