የማክሰኞ ውሃ

ከዘመሮ፣ ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጽናት አባት፤

ከተለየኸን ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? የከተማው ሥራስ ተስማማህ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ጽናት አድጋለች፤ ቀሚሷ አጥሯታል። ታናሽየውን ሳሉ ለቆታል። እናትህ ዓይናቸው ቢደክምም ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ ስምህን ያነሳሉ።

የላክኸውን መልእክት ሰምቻለሁ። የላክኸው ለወንድምህ ለጫኔ ነበር፤ እሱም በሰንበቴ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገረው። የማክሰኞ የውሃ ተራችን ለእሱ እንዲሆን ፈቅደሃል አለ። ውሃ ከሌለ ድንቹ እንደማይተከል አንተን አላስተምርህም። ልጆችህ ክረምቱን የሚያልፉት በዚያ ድንች ነው።

የቦይ ጠረጋው ቀን ሲደርስ አካፋህን ይዤ ወጣሁ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ አንድ ሰው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ያልጠረገለት ቤት ዓመቱን ሙሉ ውሃ አያገኝም። ጎረቤታችን ወዳጆ ገና ሲያየኝ፣ እሜቴ፣ ጠላውን የት ጥለሽው መጣሽ ብሎ ሰዉን አሳቀ። ጠላውን ሚስትህ ታምጣልህ፣ እኔ ገደሉ ሥር ያለውን ልጥረግ አልኩት። ድንጋይ የሚወርድበትን፣ እናንተ ወንዶቹ የምትሸሹትን ቦታ ማለቴ ነው። አካፋውን ይዤ ወረድኩ።

ጫኔ ተራ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት አያ ይሥሐቅን ይዞ መጣ። ወንድሜ ተራውን ሰጥቶኛል፤ ለሁለቱም ቤት እኔ እጠርጋለሁ፣ እሷ ትውጣ አለ። አያ ይሥሐቅ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ጭቃው ውስጥ እንደቆምኩ ነበር። ጫኔንም፣ ልጄ፣ ሁለት ጀርባ አለህ እንዴ? አንድ ሰው ነህ፣ አንድ ቤት ጥረግ። ወንድምህ ውሃ ከፈለገ መጥቶ ይቁም አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ተራውን በማን ስም ልጥራው አሉኝ። በዚያ ቦይ የሴት ስም ተጠርቶ አያውቅም። ባሌ እስኪመጣ በእሱ ስም ይሁን ልል አፌን ከፈትኩ። አላልኩም፤ የራሴን ስም ነገርኳቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አያ ይሥሐቅ ቦዩ አፍ ላይ ቆመው፣ የወሰኔ ውሃ! ብለው ተጣሩ። ድንቹን ተክያለሁ።

ይህን የጻፍኩልህ ልወቅስህ አይደለም። ስለ ውሃው ለማንም ሌላ መልእክት እንዳትልክ ብዬ ነው።

ከበጎቹ ጠጉር ባና አሠርቼ በደብዳቤው አምጪ እጅ ልኬያለሁ። ትንሽ ናት፤ አንተን አትሸፍንህም። ጽናት የተወለደች ጊዜ በእንዲህ ያለችው ነበር የጠቀለልናት። እዚያም ለአራስ ልጅ የሚከብድ ብርድ አለ አሉኝ።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እዚያ ቤትህ ያሉትንም ከክፉ ይጠብቅልህ።

የልጆችህ እናት