ጃንጥላ ላይ የፈረዱት ዳኛ እና የአባቴ ሳቅ

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያው የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ
ስካርቦሮ

ክቡርነትዎ፣ ከነመላው ባልደረቦችዎ ጤናዎ እንደተሟላ፣ ቢሮዎም በዚህ በሰው አገር ብርድ እንደሞቀ ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩት የአቶ ካሳዬ ልጅ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ላደረጉልን ሁሉ በግል ማመስገን ስለማይበቃ ነው።

እንደሚያውቁት፣ አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ መናገር ትተው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው በአንድ ክፍል የሚኖሩት ሚስተር ሊዮ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የእንግሊዞችን የጥንት አስቂኝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከፈቱ። ካባ የደረቡ ዳኛ አንድ ጃንጥላ ላይ «ዝናብ ጠርተሃል» ብለው ይፈርዳሉ፤ ጠበቃው ያለቅሳል፤ ከመካከላቸው አንድም የሚስቅ የለም። አባቴ ደሴ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያረጁ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞረው «ይግባኝ አይልም እንዴ?» አሉና ሳቁ። ሚስተር ሊዮ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ስተረጉምላቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያዩ ጀመር።

አንደኛ፣ የአባቴ ሳቅ «የመረበሽ ምልክት» መሆኑን ስለደረሱበት አመሰግናለሁ። እኛ ደስታ መስሎን ነበር።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ «ከባህላቸው ጋር አይሄድም» ብለው ስላስቆሙና በምትኩ የፏፏቴ ፊልም ስላስከፈቱላቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ በበኩሌ፣ በየቢሮው ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ሁሉ፣ ፊቱን አኮሳትሮ የማይረባ ነገር የሚያዝ ባለሥልጣን አይቶ ስለሚያውቅ፣ ይህን ቀልድ ለመረዳት እንግሊዝ መሆን የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር። ቀልዱ ይህን ያህል ዘመን ሳያረጅ የኖረውም በዚህ ይመስለኝ ነበር። ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ሳስረዳ በታላቅ ትሕትና «ባህላችሁን እናከብራለን» አሉኝ። አባቴ ምን እንደሚወዱ ግን አልጠየቁኝም።

ሦስተኛ፣ ሚስተር ሊዮን «ለሁለቱም እረፍት» ሲሉ ወደ አምስተኛ ፎቅ አዛወሩልን። ለዚህኛው የምስጋና ቃል አጣሁ። አባቴ በማግስቱ ባዶውን አልጋ አይተው «ሄዱ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እኔም አላለቀስኩም፤ ካልሲያቸውን አጠፍኩ።

አሁን ኖርዝ ዮርክ እኔ ዘንድ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስተር ሊዮ አውቶቡስ እየቀያየሩ ይመጡና ሦስታችንም ቁጭ ብለን ያንኑ ፕሮግራም እናያለን። አባቴ አይስቁም። እኔም ይህ ነው የምለው ስሜት የለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ግን የበሩ ደወል ሲጮህ፣ አባቴ ሶፋው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ።

ለሰው ደስታ ባለዎት ጥንቃቄ ዘወትር እየተደነቅሁ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ጸሐይወርቅ ካሳዬ

ማስታወሻ፦ በባህል ቀን ምግብ ይዤ መጥቼ ስለ አባቴ ባህል እንዳስረዳ የላኩልኝ ግብዣ ደርሶኛል። እኔ አይመቸኝም። አምስተኛ ፎቅ ወጥተው ሚስተር ሊዮን ይጠይቁ፤ አባቴ ምን እንዳሉ ለማወቅ የፈለጉ እሳቸው ብቻ ናቸው።