አንድ ቁሌት ለሦስት ድስት

ትህትናዬ፣
ካርዷ ጠባብ ናት፤ የምነግርሽ የትናንቱን ምሳ ብቻ ነው። አዳማ ያረፍኩት ፋና ቤት ነው። ፋና ጴንጤ ናት፤ ዓርብ ቀን ሁለት ጎረቤቶቿን ምሳ ጠራች። ጋሽ ካሣ ይጾማሉ፤ ፋኢዛ ደግሞ ሙስሊም ናት፣ ክርስቲያን ያረደውን አትበላም። እኔ «ምን ልታበላቸው ነው?» ብዬ ስጨነቅ፣ እሷ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይትና በበርበሬ አቁላልታ ሦስት ድስት ላይ ከፈለችው። ለጋሽ ካሣ ምስር ጨመረችበት፣ ለፋኢዛ እንቁላል ሰበረችበት፣ ለልጆቿ የተፈጨ ሥጋ። በቃ፣ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። ላግዝ ብዬ የሥጋውን ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ልከት ስል እጄን ቀብ አደረገችው፦ «ተይ እንጂ! ጋሽ ካሣን ልታስገድፊያቸው ነው?» ለየድስቱ የራሱ ጭልፋ አለው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

እኛስ? ደብረ ብርሃን ጎረቤታችንን እትዬ ሞሚናን «ምን እናበላቸዋለን?» እያልን አራት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ በሰላምታ ሸኘናቸው።

እናትሽን ሳሚልኝ፤ ሙቀቱ ቢያቀልጠኝም ደህና ነኝ በያት። ማክሰኞ እገባለሁ። እትዬ ሞሚናን ለሐሙስ ምሳ ጥሪያቸው። ሽንኩርቱን እኔ እልጣለሁ፤ አንቺ አንድ ጭልፋ ገዝተሽ ጠብቂኝ።

የሺዓለም